ከካሜራ ተነጥሎ ለሚሠራ ፍላሽ የጀማሪ ዕቃ አመራረጥ

በጅማ ፎቶ ማንሣት የጀመረ ሰው የመጀመሪያ ፍላሹን ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ካሜራው አናት ላይ ሰክቶ ጭንቅላቱን ወደ ኮርኒሱ ያቀናዋል። ኮርኒሱና ግድግዳው ነጭ ከሆኑ ይህ ያስኬዳል፤ ነገር ግን የከተማችን ሳሎን ሁሉ ነጭ አይደለም። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ውኃ ሰማያዊ የተቀባ፣ ኮርኒሱ በጨርቅ የተወጠረ ወይም ጭራሹን የሌለ ቤት ብዙ ነው። ከእንዲህ ያለ ግድግዳ ነጥሮ የሚመለስ ብርሃን የግድግዳውን ቀለም ይዞ ስለሚመጣ የሙሽራዋ ጉንጭ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ፍላሹን በቀጥታ ወደ ሰው ማዞር ደግሞ ፊትን ያጠፈጥፋል፣ ግንባርን ያብረቀርቃል፣ ከጀርባም ጥቁር ጥላ ይጥላል። የሁለቱም ችግር መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፍላሹን ከካሜራው አውርዶ በፈለጉት ጎን ማቆምና ብርሃኑን በራስ ጃንጥላ ማለስለስ።

ይህ መመሪያ ለዚያ የሚያስፈልገው ዕቃ በምን ቅደም ተከተል እንደሚመረጥ ያስረዳል። የምመክረው የመጀመሪያ ስብስብ አንድ ማኑዋል ፍላሽ (ኃይሉን በእጅዎ የሚወስኑት)፣ አንድ የሬዲዮ ትሪገር (ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን ከርቀት የሚያዝዝ)፣ አንድ ስታንድ ከነማያያዣው፣ አንድ ነጭ ጃንጥላ፣ እንዲሁም ስምንት ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ከነቻርጀራቸው ነው። ጀማሪዎች ሲሳሳቱ የማየው በአብዛኛው በአንድ መንገድ ነው፤ ገንዘባቸውን በሙሉ ውድ በሆነ ፍላሽ ላይ ያፈሱና ለስታንዱ፣ ለጃንጥላውና ለባትሪው ሳይተርፋቸው ይቀራል፤ ውዱ ፍላሽም ተመልሶ ካሜራው አናት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከፍላሹ ኃይል ይልቅ ፍላሹን ለሚያቆሙት፣ ለሚያዝዙትና ለሚያለሰልሱት ዕቃዎች ቅድሚያ እንዲሰጡ አጥብቄ እመክራለሁ። ዋጋ አልጠቅስም፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተተወ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አያገለግልም።

1. ከሁሉ በፊት ካሜራዎን ይመርምሩ

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት የካሜራዎን የፍላሽ መሰኪያ፣ ማለትም ሆት ሹ የሚባለውን፣ በደንብ ብርሃን ላይ ይመልከቱት። መሐሉ ላይ ከሌሎቹ ተለቅ ያለች ክብ የብረት ነጥብ ካለች ማንኛውም ቀላል ትሪገር ፍላሹን ሊያዝዝበት ይችላል። ካኖን ግን እንደ 4000ዲና 250ዲ ባሉ የጀማሪ ካሜራዎቹ ላይ ይህችን የመሐል ነጥብ አስቀርቷታል። እነዚህን ካሜራዎች የያዘ ሰው ባለ አንድ ነጥቡን ርካሽ ትሪገር ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ምንም እንደማይበራለት ይወቅ፤ በትንንሾቹ ነጥቦች በኩል ከካኖን ካሜራ ጋር የሚነጋገር ትሪገር ያስፈልገዋል፤ እሱንም የራሱ ካሜራ ላይ ሞክሮ ሲበራ ካላየ አይክፈል።

ሁለተኛው ጉዳይ የካሜራዎ የፍላሽ ሹተር ወሰን፣ ማለትም በፍላሽ ሊያነሡበት የሚችሉት ከሁሉ ፈጣኑ የሹተር ፍጥነት፣ ነው። በብዙዎቹ የጀማሪ ካሜራዎች ላይ 1/200 ሰከንድ፣ በአንዳንዶቹ 1/250 ነው። ከዚህ ወሰን በላይ ፈጥነው ቢያነሡ የሹተሩ ሁለት መጋረጃዎች በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተከፍተው ስለማይገኙ የፎቶው አንዱ ክፍል በጥቁር ሰንበር ተሸፍኖ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። ወሰኑን በካሜራዎ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ፈልገው ቁጥሩን ያስታውሱ።

2. ፍላሹን ይምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛው ፍላሽ ማኑዋል ቢሆን ይሻላል። ኃይሉን ራሱ የሚወስነው፣ ቲቲኤል የሚባለው ዓይነት፣ በሠርግ አዳራሽ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ለሚሯሯጥ ባለሙያ ጠቃሚ ነው። በስታንድ ላይ ቆሞ፣ አንድ ቦታ ለተቀመጠ ሰው ለሚያበራ ፍላሽ ግን ብዙ ጥቅም አይሰጥም፤ በእኛ አገር አለባበስ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለው። ካሜራው በሐበሻ ቀሚስና በነጠላ የተሞላ ፎቶ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ፍላሹን ይቀንሰዋል፤ ነጠላው ወደ ግራጫ፣ የባለቤቷ ፊት ወደ ጥቁርነት ያዘነብላል። ማኑዋሉ ፍላሽ አንድ ጊዜ 1/16 ላይ፣ ማለትም የሙሉ ኃይሉ አንድ አሥራ ስድስተኛ ላይ፣ ካደረጉት የለበሰችው ነጭም ይሁን ጥቁር ያው 1/16 ነው። ጀማሪው ብርሃንን የሚማረው በዚህ ዓይነት ባለመለዋወጡ ነው።

በዚህ ምድብ በሰፊው የሚታወቁት ጎዶክስ ቲቲ600 እና ዮንግኑዎ ዋይኤን560 አራተኛው ስሪት ናቸው። ሁለቱም አራት ትንንሽ የደብል ኤ ባትሪዎች ይወስዳሉ፣ ኃይላቸው ከሙሉ እስከ 1/128 ይወርዳል፣ የሬዲዮ መቀበያቸውም አብሮ የተሠራ በመሆኑ ሌላ መቀበያ መግዛት አያስፈልግም። ልዩነታቸው ይህ ነው፦ ቲቲ600 ከጎዶክስ ትሪገር ጋር ከካሜራው ተነጥሎ ሲሠራ ከሹተር ወሰኑ በላይ ፈጥኖ ማንሣት ያስችላል፣ ዮንግኑዎው አያስችልም። ለዚህና ወደፊት ከዚሁ ቤተሰብ ተለቅ ያሉ መብራቶችን ለመጨመር ስለሚያመች እኔ ጎዶክሱን እመርጣለሁ፤ ዮንግኑዎውን በጥሩ ዋጋ ያገኘ ሰውም አልተጎዳም።

በካርቶኑ ላይ «ጋይድ ነምበር» ተብሎ የሚጻፈውን፣ የፍላሹን ጉልበት የሚያሳየውን ቁጥር ሲያነጻጽሩ ይጠንቀቁ። አንደኛው 60፣ ሌላው 58 ይላል፤ ነገር ግን 60ው የተለካው የፍላሹ ጭንቅላት ብርሃኑን ለ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሚስማማ ጠባብ ስፋት ሰብስቦ፣ 58ቱ ደግሞ በ105 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሊቆሙ አይችሉም። ቁጥሩ የሚጠቅምዎት ለሒሳብ ነው። ጭንቅላቱ ሰፋ ብሎ ሲከፈት ጋይድ ነምበሩ በአይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት መጠን) 100 ወደ 36 ሜትር ወረደ እንበል። ይህን በአፐርቸሩ፣ ማለትም በኤፍ በሚጻፈው የሌንስ ቀዳዳ ቁጥር፣ ሲያካፍሉት ፍላሹ በሙሉ ኃይሉ የሚደርስበትን ርቀት ያገኛሉ፤ በኤፍ 8 አራት ሜትር ተኩል ይሆናል። ነጭ ጃንጥላ ከፊቱ ሲቆም ደግሞ ሁለት ስቶፕ ያህል፣ ማለትም ሦስት አራተኛውን ብርሃን ስለሚወስድ ርቀቱ በግማሽ ቀንሶ ከሁለት ሜትር እምብዛም አያልፍም። ለአንድ ሰው ወይም ለባልና ሚስት ፎቶ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ለሠላሳ ተመራቂዎች የቡድን ፎቶ ግን አይሆንም።

በቀትር ፀሐይ ሥር ነገሩ ይከብዳል። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ትሆንና የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ውስጥ ይሰወራል። በአይኤስኦ 100 እና በ1/200 ሰከንድ ያ ብርሃን ወደ ኤፍ 11 ይጠይቃል፤ ከላይ ባለው ሒሳብ ጃንጥላ የለበሰው ፍላሽ ከፀሐይዋ ጋር የሚተካከለው ከሰውየው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲጠጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ፍላሽ የያዘ ሰው ጥላ ይፈልግ። ጅሬን ባለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳ ሥር ሰውን አቁሞ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ከጎን በጃንጥላ ማብራት በዚያው ሰዓት ሜዳ ላይ ከመታገል እጅግ የተሻለ ፎቶ ይሰጣል።

ስለ አሮጌ ፍላሾች አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከፊልም ዘመን የቀሩ ፍላሾች አልፎ አልፎ በርካሽ ይገኛሉ። እንደ ቪቪታር 283 ያሉት የቀድሞ ስሪቶች በመሰኪያቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ሊያሳርፉ ስለሚችሉ የዛሬ ዲጂታል ካሜራ ላይ በቀጥታ መሰካት ካሜራውን ሊያቃጥል ይችላል። ቮልቱ ካልተለካ አይሰኩት።

3. ትሪገር

ትሪገሩን ከፍላሹ ፋብሪካ ይግዙ፤ ለጎዶክስ ኤክስ2ቲ ወይም ኤክስፕሮ፣ ለዮንግኑዎ ዋይኤን560-ቲኤክስ። በጎዶክሶቹ ስም መጨረሻ ያለችው ፊደል የካሜራውን ዓይነት ትነግርዎታለች፤ ሲ ለካኖን፣ ኤን ለኒኮን፣ ኤስ ለሶኒ፣ ኤፍ ለፉጂ ነው። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢልዎትም ፊደሏን ሳያዩ አይውሰዱ።

ፍላሾቹ ላይ ኤስ1 እና ኤስ2 የሚባል፣ የሌላ ፍላሽ ብልጭታ አይቶ አብሮ የሚበራ ዘዴ አለ። በዚህ ተማምኖ ትሪገር ሳይገዛ የሚቀር አለ። በቤት ውስጥ ብቻዎን ሲሆኑ ይሠራል። በፀሐይ ላይ ግን ብልጭታውን አያየውም፤ በሠርግ ላይ ደግሞ የሌሎች ፎቶ አንሺዎች ፍላሽ በበራ ቁጥር የእርስዎም አብሮ እየበራ ባትሪዎን ይጨርሰዋል።

4. ባትሪ

ብዙ መመሪያዎች ባትሪን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ ሥራ ሲቆም ያየሁት በዚህ ምክንያት ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ የሚሸጠው ተራ ድንጋይ ለፍላሽ አይሆንም፤ ፍላሹ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ድንጋዩ ከጥቂት ፎቶ በኋላ ይደክምና ፍላሹ እንደገና ዝግጁ ለመሆን ብዙ ሰከንዶች ይወስዳል። የሚያስፈልገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው፣ ቻርጅ የሚደረገው ዓይነት ነው። ጽሑፉ ላይ 1.2 ቮልት ማለቱ አያሳስብዎ፤ ኃይሉን ፈጥኖ ስለሚሰጥ 1.5 ቮልት ከሚለው ተራ ድንጋይ በፍላሽ ውስጥ ይበልጣል። ከእነዚህም ውስጥ ተቀምጦ ኃይሉ ቶሎ የማያልቅበትን፣ ለምሳሌ የፓናሶኒክ ኢነሉፕን፣ የሚያህል አላገኘሁም።

አስመስሎ የተሠራ ባትሪ ግን በገበያው ሞልቷል። ከዓመታት በፊት «5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት» የሚል የተጻፈባቸውን ስምንት ባትሪዎች ደስ ብሎኝ ገዛሁ። በአንድ የመልስ ዝግጅት ላይ ሙሽሮቹ ዳቦውን ሊቆርሱ ቢላዋውን ይዘው እያለ ፍላሹ ዝም አለ፤ ሁለተኛዎቹን አራት ስለውጥም ከአሥር ብልጭታ በላይ አልሄዱም። በማግስቱ ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪው ዘንድ ወስጄ በሚዛኑ አስመዘንኳቸው፤ እያንዳንዳቸው 14 ግራም ነበሩ። የዚህ ዓይነቱ ጥሩ ባትሪ 26 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ የጎደለው ክብደት የጎደለው ኃይል ነው። በዚህ መጠን የሚሠራ እውነተኛ የኒኬል ባትሪ ከ2000 እስከ 2500 ገደማ ይይዛል፤ ከ3000 በላይ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይለፉት፤ በአንድ እጅ ተራ ድንጋይ፣ በሌላው እሱን ይዘው ሲያመዛዝኑት ቀሎ ከተገኘም አይግዙ።

ስምንት የሚያስፈልገው አራቱ ፍላሹ ውስጥ ሲሠሩ አራቱ ተጠባባቂ እንዲሆኑ ነው። አራቱን በአንድ ቀለም እስክሪፕቶ፣ ሌሎቹን አራት በሌላ ቀለም ምልክት አድርገው ሁልጊዜ አብረው ይጠቀሙባቸው፤ የሞላና የጎደለ ሲቀላቀል ደካማው ቶሎ ይበላሻል። ቻርጀሩ እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻው የሚቆጣጠር ይሁን። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ቻርጁን ለሥራው ዋዜማ ሌሊት አያቆዩት፤ ሁለት ቀን ቀድመው ይሰኩ።

5. ስታንድ፣ ማያያዣና የአሸዋ ከረጢት

ስታንዱ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ የሚል፣ ሲታጠፍ ደግሞ በባጃጅ ወንበር ላይ ከእርስዎ ጋር የሚገባ ይሁን። የሚያጠብቁት ብሎኖች በሱቁ ውስጥ ተጠብቀው በእጅዎ ወደ ታች ሲጫኑት መንሸራተት የለባቸውም። ፍላሹንና ጃንጥላውን ከስታንዱ የሚያገናኘው ማያያዣ የኤስ ዓይነት የሚባለው ቢሆን ይመረጣል፤ ፍላሹን በጠባቧ እግሩ ሳይሆን በአንገቱ ዙሪያ ስለሚይዘው ሲወድቅ እግሩ አይሰበርም።

ጃንጥላ የተሰካበት ስታንድ ሸራ እንደያዘች ጀልባ ነው፤ ጊቢ ውስጥ ድንገት የሚነሣ ነፋስ ይገለብጠዋል። የአሸዋ ከረጢት ከውጭ የሚመጣውን መግዛት አያስፈልግም። አንድ አሮጌ የቡና ጆንያ ቆርጠው ሁለት ኪስ እንዲኖረው አድርገው ያሰፉ፣ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ ሁለት ሁለት ኪሎ አሸዋ ያስገቡ፣ በስታንዱ አንድ እግር ላይ እንደ ኮርቻ ይጫኑት። ይህ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ ወጪውም የልብስ ሰፊው ብቻ ነው።

6. ጃንጥላው

ብርሃን የሚለሰልሰው ምንጩ ከሚበራለት ሰው አንጻር ሰፊ ሲሆን ነው። የፍላሽ ፊት ከመዳፍ ያነሰ ነው፤ 109 ሴንቲ ሜትር ጃንጥላ ውስጥ ሲበራ ግን ብርሃኑ የመስኮት ያህል ይሰፋል። ለጀማሪ ብርሃን የሚያሳልፈውን ነጭ ጃንጥላ እመርጣለሁ፤ ጥቁር ሽፋኑ የሚወልቅ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ አሳላፊ፣ ሌላ ጊዜ መላሽ ሆኖ በአንድ ዋጋ ሁለት ሥራ ይሠራል። 84 ሴንቲ ሜትሩ ለጠባብ ክፍል ይመቻል፤ ለመጀመሪያው ግን ትልቁን ይውሰዱ።

ሶፍትቦክስ፣ ማለትም ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሣጥን መሰል ማለስለሻ፣ ብርሃኑን በተሻለ ስለሚገድብ ባለቀለም ግድግዳ ባለበት ክፍል ይጠቅማል፤ ለዚህም ሁለተኛው ግዢ ቢሆን አልቃወምም። ጃንጥላ ግን በአምስት ሰከንድ ይከፈታል፣ ቢሰበርም ልብ አያደማም። እንደ ነጸብራቅ ሰሌዳ ደግሞ ነጭ ፎም ቦርድ ወይም የታጠፈ ነጭ አንሶላ በሌላው ጎን መያዝ በቂ ነው።

ሌላ መጨመር ያለበት ነገር ቢኖር ብርቱካንማ ጄል፣ ማለትም ፍላሹ ፊት ላይ የሚደረግ ባለቀለም ስስ ላስቲክ፣ ነው፤ የፍላሹን ነጭ ብርሃን ወደ አምፖል ብርሃን ቀለም ያመጣዋል፤ ርካሽም ነው። ጀርባ ጨርቅ፣ ሁለተኛ ፍላሽ፣ የፍላሽ ፕላስቲክ ቆብ ለጊዜው ይቆዩ።

7. ከመክፈልዎ በፊት በሱቁ ውስጥ

የተሞሉ አራት ባትሪዎችና ካሜራዎን ይዘው ይሂዱ። ፍላሹን ከ1/128 ጀምረው ደረጃ በደረጃ እስከ ሙሉ ኃይል እያሳደጉ ነጭ ግድግዳ ያንሡ፤ ፎቶዎቹ በየደረጃው እየነጡ መሄድ አለባቸው፤ ሁለት ደረጃዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ ፍላሹ ችግር አለበት። በሙሉ ኃይል አምስት ጊዜ ብቻ አብርተው ዝግጁ የሚለው መብራት እስኪመለስ ይቁጠሩ፤ ከዚህ በላይ በተከታታይ ማብራት ፍላሹን ያግላል። ያገለገለ ከሆነ የፊት መስታወቱ ላይ የተቃጠለ ቡናማ ምልክት ይፈልጉ። ከዚያ ፍላሹን ሱቁ ውስጥ ትተው ትሪገሩን ይዘው ወደ ውጭ ሠላሳ እርምጃ ይራመዱና ይሞክሩ። በመጨረሻ በ1/200 ሰከንድ አንድ ፎቶ አንሥተው ሰንበር አለመኖሩን ያረጋግጡ። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚላክልዎ ከሆነ ይህን ሁሉ ላኪው በቪዲዮ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ለመመለስ ከሚፈጅብዎ ጊዜና ወጪ ይህ ይቀላል።

8. የመጀመሪያው ምሽት

ዕቃውን ለመልመድ ከቡና ሥርዓት የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም፤ የምታፈላዋ አንድ ቦታ ትቀመጣለች፣ ነጭ ልብስ አለ፣ ጥቁር ጀበና አለ፣ ፍም አለ፣ ጭስ አለ። እኔ የተለማመድኩት ጎረቤታችን በሆኑ አንዲት እናት ሳሎን ነው። መጀመሪያ ስታንዱን ሲያዩ «ልጄ፣ ዓይኔን ደግሞ እንዳታጠፋው» አሉኝ፤ ብልጭታው በጃንጥላው ሲያልፍ ለስላሳ መሆኑን ካዩ በኋላ ግን ረስተውት ሲኒ ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ካሜራውን ማኑዋል ያድርጉ፤ አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 5.6፣ ሹተር 1/200። ፍላሹን ሳያበሩ አንድ ያንሡ፤ ፎቶው ከሞላ ጎደል ጥቁር መሆን አለበት። አሁን ጃንጥላውን ከባለቡናዋ በስተግራ፣ ከዓይኗ ከፍ አድርገው፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቀው ያቁሙና ፍላሹን 1/16 ላይ ያብሩት። ፊቷ በትክክል መብራት አለበት። ካነሰ 1/8፣ ከበዛ 1/32 ያድርጉት። ቀጥሎ ሹተሩን ብቻ ወደ 1/30 ያውርዱ፤ ፊቷ ሳይለወጥ ከጀበናው ሥር ያለው ፍም ሲቀላ፣ የክፍሉ አምፖል ሲሞቅ ያያሉ። የአካባቢውን ብርሃን የሚገዛው ሹተሩ፣ የፍላሹን የሚገዛው አፐርቸሩና የፍላሹ ኃይል መሆኑን በዚህች አንድ ንጽጽር ይረዳሉ።

ትከሻዋ ላይ ያለው ነጠላ ጥለቱን አጥቶ ነጭ ብቻ ከሆነ ኃይሉን አይቀንሱ፤ ፊቷ ይጨልማል። ይልቁንም ጃንጥላውን ከነጠላው ፈቅ አድርገው ዳር ዳሩ ብቻ እንዲነካት ያዙሩት። ቀጥሎ ስታንዱን ከጀርባዋ በስተጎን ወስደው ፍላሹን ያለ ጃንጥላ፣ በ1/64፣ ወደ ዕጣኑ ያቅኑት፤ ከፊት ሲበራ የማይታየው ጭስ ከኋላ ሲበራ እንደ ነጭ ክር ተለይቶ ይወጣል። ፍላሹ ራሱ በፎቶው ውስጥ እንዳይታይ በትከሻዋ ይከልሉት።

ቤት ሲመለሱ ባትሪዎቹን ከፍላሹ ያውጡ፤ ረጅም ጊዜ ተረስተው ሲቀመጡ ፈስሰው መሰኪያውን ያበላሻሉና። የጅማ ዝናብ ረጅም በመሆኑ ቦርሳው ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ይጨምሩ፣ ጃንጥላውንም ሳይደርቅ አያጥፉት። ሥራ በሌለበት ወቅትም በወር አንድ ጊዜ ባትሪ አስገብተው ፍላሹን ጥቂት ጊዜ በሙሉ ኃይል፣ በመሐሉ እያሳረፉ ያብሩት፤ ውስጡ ያለው፣ ለብልጭታው ኃይል የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ብዙ ወራት ሳይሠራ ሲቀመጥ ይደክማል።